የቤተርቢየቭና የቢቮል ሁለት ግጥሚያዎች፦ የተቀማው ማን ነው? ሦስተኛውስ ይገባል ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጅማ ፈረንጅ አራዳ ባለ አንድ ካፌ ውስጥ ተሰብስበን ቦክስ የምናይ ጓደኛሞች ነን። የአርቱር ቤተርቢየቭንና የዲሚትሪ ቢቮልን ሁለቱንም ግጥሚያዎች አብረን አየን፤ እስከ ዛሬ ግን አልተስማማንም። ግማሾቻችን በመጀመሪያው ግጥሚያ ቢቮል ተቀምቷል፣ በሁለተኛው ያሸነፈውም ዳኞቹ ያንን ለማካካስ ስለፈለጉ ነው እንላለን። የቀሩት ደግሞ የተቀማው በሁለተኛው ቤተርቢየቭ ነው ይላሉ። እርስዎ እዚሁ ከተማ ለወጣቶች ግጥሚያ ነጥብ ስለሚሰጡ ይፍረዱን። ሦስተኛ ግጥሚያስ ሊደረግ ይገባል?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። በሁለቱም ሌሊት የተቀማ ሰው የለም። ሦስተኛው ግጥሚያ ግን ሊደረግ ይገባል፤ የሚገባውም አንዱ ወገን ስለተበደለ ሳይሆን፣ ሁለቱ ሰዎች ለ24 ዙር ተፋልመው ማን እንደሚበልጥ ገና ስላልታወቀ ነው። እነዚህ ሁለት ምክንያቶች በክርክራችሁ ውስጥ እንደ አንድ ተቆጥረዋል፤ አለመስማማታችሁም የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ዳግም ግጥሚያ ለተበዳይ የሚከፈል ካሣ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ግጥሚያው እንዲደረግ ለመጠየቅ መጀመሪያ ሌባ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። እዚህ ግን ሌባ መፈለግ አያስፈልግም።

ከቁጥሩ እንነሣ፤ ብዙ ሰው ውጤቱን ይሰማል እንጂ በውስጡ ያለውን አያይም። የመጀመሪያው ግጥሚያ ቅዳሜ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሪያድ ውስጥ ተደረገ። አንደኛው ዳኛ 114 ለ 114 አቻ ሲል፣ ሁለተኛው 115 ለ 113፣ ሦስተኛው 116 ለ 112 ለቤተርቢየቭ ሰጡ። በዚህም ቤተርቢየቭ በአብላጫ ድምፅ አሸንፎ የቀላል ከባድ ሚዛንን አራት ቀበቶዎች ጠቀለለ። ዳግም ግጥሚያው ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚያው ሪያድ ሲደረግ ውጤቱ ደግሞ 114 ለ 114፣ 115 ለ 113 እና 116 ለ 112 ሆኖ ለቢቮል ተሰጠ። ሦስቱም ቁጥሮች ያው ናቸው፤ የተቀየረው የባለቤታቸው ስም ብቻ ነው። አንዳንዶቻችሁን ለጥርጣሬ የጋበዘው ይህ መመሳሰል እንደሆነ እገምታለሁ።

በአሥር ነጥብ አሠራር ዙሩን ያሸነፈው 10፣ የተሸነፈው 9 ያገኛል፤ ተመትቶ የወደቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 8 ይያዝለታል። በሁለቱም ግጥሚያዎች የወደቀ ሰው ስላልነበረ ቁጥሮቹ በቀጥታ ወደ ዙር ይመለሳሉ፦ 114 ለ 114 ማለት ስድስት ለስድስት፣ 115 ለ 113 ሰባት ለአምስት፣ 116 ለ 112 ደግሞ ስምንት ለአራት ነው። አሁን የመጀመሪያውን ግጥሚያ መካከለኛ ወረቀት፣ ማለትም 115 ለ 113 የሰጠውን ዳኛ ወረቀት እንመልከት። ይህ ሰው ለቤተርቢየቭ ከሰጣቸው ሰባት ዙሮች አንዱን ብቻ ለቢቮል ቢሰጥ ኖሮ፣ የእርሱም ወረቀት 114 ለ 114 ይሆንና ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ አቻ ይሉ ነበር። ውጤቱም አቻ ይሆናል፤ ቢቮልም ያለ ሽንፈት ቆይቶ የራሱን የደብሊው ቢ ኤ (ከአራቱ ቀበቶ ሰጪ ድርጅቶች የአንዱን) ቀበቶ ይዞ፣ ቤተርቢየቭም ሦስቱን ይዞ ወደየቤታቸው ይመለሱ ነበር። በአንድ ሰው ወረቀት ላይ ያለ የአንድ ዙር፣ የሦስት ደቂቃ ውሳኔ ይህን ሁሉ ይለውጣል። በየካቲቱ ግጥሚያም ስሌቱ ተገልብጦ ያው ነው።

ስድስቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ስንደምራቸው ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቤተርቢየቭ በመጀመሪያው ግጥሚያ 345፣ በሁለተኛው 339 ነጥብ ሰበሰበ፤ ድምሩ 684 ነው። ቢቮል በመጀመሪያው 339፣ በሁለተኛው 345 አገኘ፤ ድምሩ 684። በዳኞቹ ወረቀቶች ላይ የተሰጡትን ዙሮች ብንቆጥርም ለእያንዳንዳቸው 36 ዙር ይደርሳቸዋል። ሰባ ሁለት ደቂቃ ተፋልመው በነጥብ መዝገብ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተበላለጡም። ለሦስተኛው ግጥሚያ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም፤ ይህን ለማቅረብም የማንንም ዳኛ ስም ማጥፋት አላስፈለገኝም።

«ለማካካስ ነው» የሚለውን ሐሳብ ልለፈው አልችልም፤ ከባድ ክስ ነውና። ነጥብ ሰጪ ዳኛ በመጨረሻ ላይ አንድ ድምር ጽፎ የሚሰጥ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ዙር ሲያበቃ የዚያን ዙር ነጥብ ጽፎ ያስረክባል፤ የሌሎቹ ሁለት ዳኞች ምን እንደጻፉ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ዙር ምን እንደሚመጣም ሊያውቅ አይችልም። በዚህ አሠራር ሦስት ሰዎች ሳይነጋገሩ የጥቅምቱን ቁጥር ገልብጠው ለማውጣት ቢያስቡ እንኳ የሚሳካላቸው አይደለም። ከዚህም በላይ በሪንጉ ውስጥ የታየው ነገር ራሱ የተለያየ ነበር። በመጀመሪያው ግጥሚያ ቢቮል በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በጃቡ (በፊተኛው እጅ በሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) እና በእግሩ ሥራ ርቀቱን ሲቆጣጠር ቆይቶ፣ ቤተርቢየቭ ግን እየገፋ እየገፋ መጥቶ መጨረሻውን የራሱ አደረገ። በሁለተኛው ቤተርቢየቭ መካከለኛዎቹን ዙሮች በጫና ሲወስድ፣ ቢቮል በኋለኛው ግማሽ በተከታታይ ቡጢዎችና በፈጣን እንቅስቃሴ ተነሣ። መጨረሻውን ያሳመረው በሁለቱም ጊዜ አሸነፈ፤ ይህ የተለያዩ ሰዎች ሥራ እንጂ የአንድ ሴራ ውጤት አይደለም።

እንግዲህ ወደ እውነተኛው የክርክር ነጥብ እንግባ፤ እርሱም በሁለቱ ቦክሰኞች የአፈላለም ስልት ውስጥ ያለ ነው። ቤተርቢየቭ ወደ ጥቅምቱ ግጥሚያ የገባው 20 ጊዜ ተፋልሞ ሃያውንም በዝረራ ወይም በዳኛ ማስቆም ጨርሶ ነው። ቢቮል ደግሞ 23 ጊዜ አሸንፎ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከሙሉ ጊዜ በፊት የተጠናቀቁት 12 ብቻ ነበሩ። አንዱ በክብደት የሚመታ፣ ሌላው በብዛትና በትክክለኛነት የሚመታ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ነጥብ ሰጪው በየዙሩ አንድ የማያመልጠው ጥያቄ ይመጣበታል፦ ስምንት ንጹሕ ቀላል ቡጢ ይበልጣል ወይስ ሦስት ከባድ? በፕሮፌሽናል ቦክስ ዳኛው የሚመዝናቸው ነገሮች ንጹሕና ውጤታማ ቡጢ፣ ፍሬ ያለው ማጥቃት፣ ሪንጉን መቆጣጠርና መከላከል ናቸው። ንጹሕ ቡጢ ከሁሉ ይቀድማል፤ ነገር ግን «ንጹሕ» እና «ውጤታማ» የሚሉት ሁለት ሚዛኖች ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ለንጽሕናው የሚያደላ ዓይን ቢቮልን፣ ለጉዳቱ የሚያደላ ዓይን ቤተርቢየቭን ያያል፤ ሁለቱም ከደንቡ አልወጡም።

ሁለተኛው ችግር መከላከያው ነው። ቢቮል እጆቹን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፍኖ ይፋለማል፤ የቤተርቢየቭ ቡጢዎችም ብዙዎቹ ያረፉት በጓንቱና በክንዱ ላይ ነበር። በጓንት ላይ ያረፈ ቡጢ ነጥብ የለውም። ሆኖም ቡጢው ከባድ ሲሆን የተከላከለውን ሰው ሚዛን ያናጋዋል፣ ወደ ገመድ ይገፋዋል፣ ድምፁም ይሰማል፤ ተመልካቹም በሙሉ ልቡ እንዳረፈ ያምናል። ጠያቂያችን ከጓደኞችዎ ጋር ሆነው ያዩት በካሜራ ነው፤ ካሜራውም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጎንና ከፍ ካለ ቦታ ያያል። ሦስቱ ዳኞች ደግሞ በሪንጉ ሦስት የተለያዩ ጎኖች፣ ከወለሉ ብዙም ከፍ ሳይሉ ተቀምጠው ያያሉ። ለአንዱ የቢቮል ጀርባ የሸፈነው ቡጢ ለሌላው ፊት ለፊት ይታያል። በጠባብ ዙሮች ላይ የሦስት ሐቀኛ ሰዎች ወረቀት የሚለያይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የዳኞቹ ቁጥር ሦስት የሆነውና በተለያየ ጎን የሚቀመጡትም በዚሁ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ከተማ አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ውስጥ በቦክስ ዓይናቸውን ያሠለጠኑ ሰዎች፣ እኔም ጭምር፣ ያደግነው በአማተር ግጥሚያ ነው። በአማተር ቦክስ ሦስት ዙር ብቻ ስላለ ቶሎና በብዛት መንካት ትልቅ ዋጋ አለው። ይባስ ብሎም በሴኡል በ1988 እ.ኤ.አ. ሮይ ጆንስ ጁኒየር በግልጽ በልጦ ሳለ በ3 ለ 2 የዳኞች ድምፅ ወርቁን ካጣ በኋላ፣ ከባርሴሎና 1992 እስከ ለንደን 2012 በተደረጉት ኦሊምፒኮች በቁልፍ የሚጫን የኮምፒውተር ነጥብ ተሠርቶበታል፤ በዚያ አሠራር ቀላሏም ከባዷም ቡጢ እኩል አንድ አንድ ነበሩ። የዚያ ዘመን አሠልጣኝ ቢቮልን ሲያይ በየዙሩ ነጥብ ይቆጥርለታል። ስለዚህ በካፌያችሁ ውስጥ ለቢቮል ጠንክረው የሚከራከሩት በወጣትነታቸው ጓንት ያሠሩ ሰዎች ከሆኑ አይግረማችሁ። ዓይናቸው አልተሳሳተም፤ የለመዱት ሚዛን ግን ለሌላ ዓይነት ግጥሚያ የተሠራ ነው።

«ታዲያ የተሳሳተ ዳኝነት የሚባል የለም ማለት ነው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አለ፤ ከባድ ስሕተትም አለ። ልዩነቱን የምናውቀው ግን ድምሩን በማየት ሳይሆን፣ ግልጽ የሆነን ዙር ለማን እንደተሰጠ በማየት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ኒው ዮርክ ውስጥ ሌኖክስ ሉዊስና ኢቫንደር ሆሊፊልድ የተፋለሙበትን የከባድ ሚዛን ግጥሚያ ለምሳሌ እንውሰድ። አንዱ ዳኛ 116 ለ 113 ለሉዊስ፣ ሁለተኛው 115 ለ 115፣ ሦስተኛዋ 115 ለ 113 ለሆሊፊልድ ሰጥተው አቻ ተባለ። ዓለም የተቆጣው 115 ለ 113 የሚለው ቁጥር ሰፊ ስለሆነ አይደለም፤ ከእርሱ የጠበበ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የተቆጣው ሉዊስ ሆሊፊልድን በገመድ ላይ አስጨንቆ የደበደበበት አምስተኛው ዙር በዚያች ዳኛ ወረቀት ላይ ለሆሊፊልድ ተጽፎ ስለተገኘ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ዙር የአንድን ወረቀት እምነት ያጠፋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላስ ቬጋስ ላይ ዳግም ሲገናኙ ሉዊስ በሦስቱም ዳኞች አሸነፈ።

በ2017 እ.ኤ.አ. መስከረም ካኔሎ አልቫሬዝና ጌናዲ ጎሎቭኪን አቻ ሲወጡም እንዲሁ ነው። አንዱ 115 ለ 113 ለጎሎቭኪን፣ ሌላው 114 ለ 114 ሲሉ፣ አንዷ ዳኛ ግን 118 ለ 110 ለካኔሎ ጻፈች፤ ከ12 ዙር አሥሩን ለካኔሎ፣ ሁለቱን ብቻ ለጎሎቭኪን ማለት ነው። አሥር ዙር ካኔሎ የወሰደበትን ግጥሚያ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። እንዲህ ሲሆን ቁጣው ተገቢ ነው፤ ዳኝነቱም ሊመረመር ይገባል። በ2012 እ.ኤ.አ. ማኒ ፓኪያዎ በቲሞቲ ብራድሊ በተከፋፈለ ድምፅ ተሸነፈ ሲባልም፣ ቀበቶውን የሚያስተዳድረው ደብሊው ቢ ኦ አምስት ዳኞች ቪዲዮውን እንዲያዩ አድርጎ አምስቱም ፓኪያዎ አሸንፏል ብለዋል፤ ውጤቱ ግን አልተሻረም። ፓኪያዎ በ2014 ዳግም ተጋጥሞ በግልጽ አሸነፈ። በእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች ዳግም ግጥሚያው ካሣም ጭምር ነበር ብል አልሳሳትም።

አሁን በዚህ መለኪያ የሪያዱን እንመዝን። በጥቅምትም ሆነ በየካቲት፣ አንዱ ቦክሰኛ ሌላውን ያስጨነቀበት፣ ያንገዳገደበት ወይም የጣለበት ሆኖ ለሌላው የተሰጠ ዙር ማሳየት የሚችል ሰው ካለ ሐሳቤን ለመቀየር ዝግጁ ነኝ። እኔ አላየሁም። ያየሁት ለሁለቱም ሊሰጡ የሚችሉ ብዙ ዙሮችን ነው። ለማወቅ ከፈለጋችሁ በእኔ ወረቀት የመጀመሪያው 114 ለ 114፣ ሁለተኛው 115 ለ 113 ለቢቮል ነበር። በሁለቱም ግጥሚያ የተሰጠው 116 ለ 112 ለእኔ ሰፍቶብኛል፤ ሆኖም ከሚቻለው ወሰን አልወጣም።

ወሰን ያልሁትን በቁጥር ላስረዳ። አንድን ግጥሚያ ስታዩ፣ አምስት ዙር ያለ ጥርጥር የቀዩ ጥግ፣ አራት ዙር ያለ ጥርጥር የሰማያዊው ጥግ፣ ሦስቱ ግን ወደየትም ሊሄዱ የሚችሉ ሆኑ እንበል። ሦስቱን በሙሉ ለቀዩ የሰጠ ዳኛ 116 ለ 112 ያወጣል፤ ሦስቱን ለሰማያዊው የሰጠ ደግሞ 115 ለ 113 ለሰማያዊው ያወጣል። አንዱ በአራት ነጥብ ቀዩን፣ ሌላው በሁለት ነጥብ ሰማያዊውን አሸናፊ አደረጉ፤ ሁለቱም ግልጽ ዙሮችን በትክክል ሰጥተዋል። ስለዚህ የሁለት ዳኞች ወረቀት በስድስት ነጥብ መራራቁ ብቻውን የስሕተት ምልክት አይሆንም። አሥር ነጥብ አሠራሩ በጭንቅ የተወሰደን ዙርና በሰፊው የተወሰደን ዙር እኩል 10 ለ 9 ስለሚያደርግ፣ ድምሩ የፍልሚያውን መልክ አይነግረንም። ይህ የአሠራሩ እውነተኛ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለጉድለቱ ግን ተጠያቂው ወረቀቱ ላይ የፈረመው ሰው አይደለም።

ጠባብ ውሳኔ ሁሉ ዳግም ግጥሚያ ይጠይቃል ማለቴም አይደለም። ቢቮል ራሱ በ2022 እ.ኤ.አ. ካኔሎን በሦስቱም ዳኞች 115 ለ 113 አሸነፈ፤ ቁጥሩ ጠባብ ቢሆንም ብዙ ተመልካች የበላይነቱን አልተጠራጠረም፤ ከዚያ ወዲህም አልተጋጠሙም፤ የቀረ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። በአንጻሩ በ2024 እ.ኤ.አ. ግንቦት ኦሌክሳንደር ኡሲክ ታይሰን ፊዩሪን በተከፋፈለ ድምፅ ሲያሸንፍ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ሁለት ዳኞች 115 ለ 112 እና 114 ለ 113 ለኡሲክ፣ አንዱ 114 ለ 113 ለፊዩሪ ሰጡ። በዘጠነኛው ዙር ፊዩሪ በገመዱ ላይ ሲንገዳገድ የሪንጉ ዳኛ ቆጥሮበታል፤ ይህም እንደ መውደቅ ይያዛል። ያ ቆጠራ ባይኖርና ዙሩ 10 ለ 9 ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ ወረቀት 115 ለ 113 ለኡሲክ፣ አንዱ 114 ለ 114፣ አንዱ 115 ለ 113 ለፊዩሪ ሆኖ ግጥሚያው አቻ ይወጣ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ዳግም ሲገናኙ ግን ሦስቱም ዳኞች 116 ለ 112 ለኡሲክ ሰጡና ጥያቄው ተዘጋ። ዳግም ግጥሚያ ሥራውን ሠራ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። የቤተርቢየቭና የቢቮል ዳግም ግጥሚያ ግን ጥያቄውን ከመዝጋት ይልቅ ከፍቶት ሄደ።

ሦስተኛውን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት ነገር ባዶ አይደለም። ቤተርቢየቭ የካቲት ላይ ወደ ሪንጉ የገባው 40 ዓመት ሞልቶት ነው፤ ቢቮል 34 ዓመቱ ነበር። በእያንዳንዱ ወር የሚጎዳው ታላቁ ሰው ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ እንኳ ቤተርቢየቭ ጉልበቱ ላይ ጉዳት ስለደረሰበት ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወደ ጥቅምት ተሸጋግሯል። ሌላው እንቅፋት ቀበቶዎቹ ናቸው። አራቱም ቀበቶ ሰጪዎች ሻምፒዮኑ ወረፋ ከያዘው አስገዳጅ ተፋላሚ ጋር እንዲጋጠም ያስገድዳሉ፤ አንድ ሰው አራቱን ሲይዝ አራት ወረፋ ይጠብቀዋል። ቢቮል የደብሊው ቢ ሲ ቀበቶን ለቅቆ ቀበቶው ወደ ዴቪድ ቤናቪዴዝ የሄደው በዚህ የወረፋ ጣጣ ውስጥ ነው። እነዚህ ሁለቱ ለሁለት ዓመት ያህል ሚዛኑን ይዘውት ሳለ ተራ የጠበቁ ሰዎች መኖራቸውን መርሳት ፍትሐዊ አይሆንም።

ቢሆንም ለእኔ ሦስተኛው ይደረግ የሚለው ወገን ያመዝናል። ቤናቪዴዝ ወጣት ነው፤ ጊዜ አለው። ቤተርቢየቭ ጊዜ የለውም። ሦስተኛው ግጥሚያ ከዘገየ ውጤቱ የአፈላለም ሳይሆን የዕድሜ ውጤት ይሆናል፤ ያኔ ቢቮል ቢያሸንፍ እንኳ ማንም «ይበልጣል» ብሎ በሙሉ ልብ አይናገርለትም። ስለዚህ ግጥሚያው የሚደረግ ከሆነ ቶሎ መደረግ አለበት፤ ከማንኛውም ሌላ ነገር ይልቅ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ዳኞቹም በሁለቱ ግጥሚያዎች ነጥብ የሰጡት ባይሆኑ እመርጣለሁ። ሐቀኝነታቸውን ተጠራጥሬ አይደለም፤ አንድ ጊዜ «ይህ ዙር የቢቮል ዓይነት ነው» ብሎ የፈረደ ዓይን ያንኑ ዓይነት ዙር ሲያይ እንደገና ሳያስብ መፍረዱ አይቀርም ብዬ ነው። ከሁለቱ ቦክሰኞች አገርም ሆነ ከአዘጋጁ አገር ያልሆኑ፣ ሦስት አዲስ ሰዎች ቢቀመጡ ይሻላል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ራሳችሁ ክርክር ነው። ሁለቱን ግጥሚያዎች እንደገና ልታዩዋቸው ከሆነ እንዲህ አድርጉ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝጉት፤ ተንታኞቹ አንዱን ማድነቅ ከጀመሩ የሌላውን ቡጢ ማየት ታቆማላችሁ፤ የሕዝቡ ጩኸትም በጓንት ላይ ያረፈውን ቡጢ ያረፈ ያስመስለዋል። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ወረቀት ያዙ፤ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አትመካከሩ። ነጥቡን በአንድ ደቂቃው እረፍት ውስጥ ጻፉ፤ የተደገመ ምስል ሳይመጣ በፊት፤ የጻፋችሁትንም አትሰርዙ። በየዙሩ ቡጢ ሲሰነዘር የመቺውን እጅ ሳይሆን የተመቺውን ራስና ወገብ እዩ፤ ያረፈና ያላረፈ ቡጢ የሚለየው እዚያ ነው። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ዙር ላይ ነጥቡን ሰጥታችሁ ከጎኑ አንድ ምልክት አድርጉ። በውርርድ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ካለ ደግሞ ያን ሌሊት ወረቀት ባይዝ ይሻላል፤ ገንዘቡ ያለበትን ሰው ቡጢ ብቻ ያያልና።

ስትጨርሱ ድምሩን ትታችሁ ምልክት ያለባቸውን ዙሮች አስተያዩ። ምልክት የሌላቸው ዙሮች በአብዛኛው በሁላችሁም ወረቀት ላይ አንድ ሆነው ይገኛሉ፤ የተለያያችሁት ምልክት ባለባቸው ላይ ይሆናል። ምልክት ባልተደረገበት ዙር ላይ ሁለት ሰው ተቃራኒ ነጥብ ሰጥቶ ከተገኘ ግን ያን ዙር ብቻ መልሳችሁ አብራችሁ እዩት፤ ክርክራችሁ በዚያ ላይ ይሁን። የሁላችሁንም ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩልኝ ከእኔው ጋር ዙር በዙር አስተያይቼ፣ የምንለያይበትን ምክንያት ጽፌ እመልስላችኋለሁ።